ከ12 ድል ወደ 5፦ ኮማንደርስን ምን ነካው?

ላንዶቨር_5

ሰላም ለዚህ ቤት። የዋሽንግተኑ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድናችን የኮማንደርስ ሲዝን ካለቀ ሰነበተ፤ ከኔ ግን አልወጣልኝም። አምና (በፈረንጅ 2024) 12 አሸንፈን 5 ተሸነፍን። ዘንድሮ (2025) 5 አሸንፈን 12 ተሸነፍን። ቁጥሩ እንደ ካልሲ ተገልብጦ መጣ። አምና ይሄን ጊዜ እኮ ታምፓን 23 ለ20፣ ዲትሮይትን በገዛ ሜዳው 45 ለ31 አሸንፈን ለኤንኤፍሲ (የሊጉ አንዱ ግማሽ) ፍጻሜ የደረስን ሰዎች ነን። እርግጥ እዚያ ፊላደልፊያ 55 አገባብን፣ እሱን ተዉት።

ሰው ሁሉ "ኢንጁሪ ነው፣ ምን ይደረግ" ይላል። እኔ አይዋጥልኝም።

ኖቬምበር 2 ማታ ሥራ ላይ ነበርኩ። ዳውንታውን ፓርኪንግ ጋራዥ ነው የምሠራው፣ የማታ ሺፍት። ስልኬን የካርድ ማሽኑ ላይ አስደግፌ ከሲያትል ጋር ስንጫወት እያየሁ ነው። 38 ለ7 እየተመራን ነው። አራተኛው ኳርተር ላይ ስምንት ደቂቃ እንኳን አልቀረም። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ፉትቦል ምኑም አይደለም፣ የአርሰናል ሰው ነው። እሱ እንኳን "ይሄ 5 ቁጥሩ ዋናው ልጃችሁ አይደል እንዴ? ለምን አያሳርፉትም?" አለኝ። ወዲያው ኳርተርባካችን (ኳስ ወርዋሪው) ጄደን ዳንየልስ ጎል መስመሩ አጠገብ ወደቀ፣ ሲወድቅ ግራ እጁን ተደገፈ፣ ክርኑ ወደማይታጠፍበት ታጠፈ። አንድ ሰውዬ መኪናውን መስኮቴ ስር አቁሞ ክላክሱን ይነፋዋል፣ ትኬቱን ዘርግቶልኛል፣ እኔ ሁለት እጄን ጭንቅላቴ ላይ ጭኜ ቆሜያለሁ።

አሰልጣኛችን ኩዊን በማግስቱ ጥፋቱን በራሱ ላይ ወሰደ። ጨዋ ሰው ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን በዚያ ውጤት፣ በዚያ ሰዓት፣ ከአንድ ሳምንት በፊት በጭኑ ጡንቻ ምክንያት ያረፈን ልጅ ሜዳ ላይ መተው ምን ይባላል? ሲዝኑ የሞተው ያን ማታ ነው። እምቢ የሚል ይምጣ።

ቡና_ቁርስ

እኔም ያን ማታ ነው የምለው። በዚያው ጨዋታ እኮ ተከላካያችን ላቲሞር የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፣ ትንሹ ማካፍሪም (ሉክ) አጥንቱ ተሰብሮ ወጣ። ስታዲየም ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነበር የሚመስለው።

ሂሳብ_ወዳዱ

@ላንዶቨር_5 ሐዘንህን አልነካብህም፣ ግን እምቢ የሚል ይምጣ ስላልክ መጣሁ።

ያን ማታ ወደ ሜዳ ስንገባ 3 አሸንፈን 5 ተሸንፈን ነበር። ዳላስ 44 ለ22፣ ካንሳስ ሲቲ 28 ለ7 ከዘረሩን በኋላ ነው። ዳንየልስ በክርኑ ሳይሆን ገና በሴፕቴምበር በጉልበቱ ሁለት ጨዋታ አልፎታል። ሯጩ ኤክለር ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ግሪን ቤይ ላይ ቋንጃው ተበጥሶ ዓመቱን ዘግቷል። ስለዚህ ሲያትል የገደለው የታመመ ሰው ነው።

እኔ ችግሩን የማየው አምና ላይ ነው። አዎ፣ በዚያ ቆንጆ ዓመት።

አስታውሱ እስኪ። ኦክቶበር 27 ቀን 2024፣ ቺካጎ። ሰዓቱ አልቋል፣ እየተመራን ነው፣ ዳንየልስ ወደ ኋላ ወደ ጎን ሲሮጥ ቆይቶ "እመቤቴ ድረሽልኝ" ብሎ ወረወራት (ሄይል ሜሪ የሚሉት በኛ ቋንቋ ይሄው ነው)፣ ኳሷ በተከላካዮች እጅ ነጥራ ኖዋ ብራውን እጅ ገባች፣ 52 ያርድ፣ 18 ለ15። ኒው ኦርሊንስ፦ 20 ለ13 ስንመራ ሰዓቱ ሲያልቅ ታችዳውን አገቡብን፣ 20 ለ19፣ አንዷን በእግር መትተው አቻ መሆን ሲችሉ ለሁለት ነጥብ ሄዱና ሳቱ። ፊላደልፊያ፦ 36 ለ33፣ 6 ሰከንድ ሲቀር። አትላንታ፦ በተጨማሪ ሰዓት። ዳላስ፦ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች፣ ያውም ዳንየልስ ቁጭ ብሎ በተጠባባቂው ማሪዮታ። ታምፓ ላይ ያሸነፍንባት ምት እንኳን ብረት መትታ ነው የገባችው። ብረት!

አሁን ዘንድሮን አስቀምጡበት። ቺካጎ በድጋሚ፣ ኦክቶበር 13፣ ዝናብ፣ 24 ለ22 እየመራን ነው፣ ሦስት ደቂቃ ገደማ ቀርቷል፣ ሰዓት መግደል ብቻ ነው የቀረን። ዳንየልስ ኳሷን ለሯጩ ክሮስኪ ሜሪት ሲያቀብል በሁለቱ መካከል ወደቀች። ቺካጎ አነሳት፣ ጄክ ሙዲ ሰዓቱ ሲያልቅ መታት፣ 25 ለ24። ማድሪድ ከማያሚ ጋር 16 ለ13፣ በተጨማሪ ሰዓት። ዴንቨር 27 ለ26፣ በተጨማሪ ሰዓት። በ1፣ በ3፣ በ1 ነጥብ ነው የተሸነፍነው። አምና እነዚህን ሦስቱንም እናሸንፋቸው ነበር።

አምና ዕድል ያበደረችንን ዘንድሮ ከነወለዱ ወሰደች። አመራሩ ግን ብድሩን እንደ ደመወዝ ቆጠረው። "ደርሰናል" ብሎ ነው ቡድን የሠራው፣ ጥፋቱ እዚያ ጋ ነው።

አዲስ_ገቢ

ይቅርታ፣ ጥያቄዬ የሚያስቅ ከሆነ እለፉኝ። "ለሁለት ነጥብ ሄዱ" ማለት ምንድነው? ሥራ ቦታ ሰኞ ሰኞ ስለ ፉትቦል ብቻ ነው ወሬው። እኔ ፈገግ እያልኩ ነው የማሳልፈው። ሁለት ዓመት ፈገግ አልኩ፣ ጉንጬ አለቀ።

ቡና_ቁርስ

@አዲስ_ገቢ ሃሃሃ፣ ሁላችንም ፈገግ እያልን ነው የጀመርነው።

ታችዳውን ማለት ኳሷን ከተጋጣሚው የጎል መስመር ማዶ ማድረስ ነው፣ 6 ነጥብ። ከዚያ በኋላ ምርጫ ይሰጥሃል። ወይ ኳሷን በእግር በምሰሶዎቹ መካከል ታሳልፍና 1 ነጥብ ትወስዳለህ፣ ብዙ ጊዜ አይሳትም። ወይ ደፍረህ ከ2 ያርድ ላይ አንድ ሙከራ ብቻ ታደርጋለህ፣ ከገባ 2 ነጥብ፣ ካልገባ ባዶ።

ዴንቨር ላይ የሆነውን ልንገርህ። ተጨማሪ ሰዓት ነው፣ 27 ለ20 እየተመራን ማሪዮታ ለማክሎሪን ወርውሮ አገባን፣ 27 ለ26። አንዷን መትተን አቻ መሆን እንችላለን። ኩዊን ለሁለት ሄደ። ማክኒኮልስ ጥግ ላይ ባዶውን ቆሟል፣ ሰው የለውም፣ ኳሷ ከደረሰችው አለቀ። ኒክ ቦኒቶ የሚባል ሰውዬ ዘሎ ገና ከማሪዮታ እጅ ስትወጣ በመዳፉ መታት። የቮሊቦል ጨዋታ ነበር የመሰለኝ። ያቺ ሰባተኛዋ ተከታታይ ሽንፈት ነበረች።

ሰኞ ሥራ ቦታ "ለሁለት መሄዱ ልክ ነበር፣ ችግሩ ቦኒቶ ነው" በል። ያከብሩሃል።

ዳላስ_ነኝ

ሰላም ከቴክሳስ። አንድ ጊዜ 44 ለ22፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በፈረንጅ ገና 30 ለ23 ያሸነፍነው ቡድን ስሙ ጠፋኝ፣ ማን ነበር? የምታውቁ ተባበሩኝ።

ላንዶቨር_5

@ዳላስ_ነኝ አንተ ደግሞ ለቅሶ ቤት መጥተህ ቆሎ ትጠይቃለህ። እናንተ 7 አሸንፋችሁ፣ 9 ተሸንፋችሁ፣ 1 አቻ ወጥታችሁ ምን አገኛችሁ? ሚካ ፓርሰንስን የመሰለ ሰው ለግሪን ቤይ አሳልፎ የሰጠ ቡድን ደጋፊ ሆነህ። ከ1996 ወዲህ የሱፐር ቦልን (የሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ) ደጃፍ በቴሌቪዥን ነው የምታዩት።

ዳላስ_ነኝ

የናንተስ ከ1992 ወዲህ። አራት ዓመት እንበልጣችኋለን። ከሌላው ሁሉ ግን ፓርሰንስን ባታነሳብኝ ጥሩ ነበር።

ጋሽ_ታክሲ

ልጆች፣ ስትጨቃጨቁ ደስ ይለኛል። እኔም አንድ ነገር ላስታውሳችሁ፣ አብዛኞቻችሁ ያን ጊዜ እዚህ አገር አልነበራችሁም።

ጃንዋሪ 6 ቀን 2013። ይኸው ላንዶቨር፣ ያው ስታዲየም፣ ስሙ ብቻ ነው የተቀየረው። ተጋጣሚው ማን መሰላችሁ? ሲያትል! ሮበርት ግሪፈን የሚባል ልጅ ነበረን፣ አርጂ ስሪ የሚሉት። እንደ ዳንየልስ በድራፍት (ደካማው ቡድን ቀድሞ አዳዲስ ልጆችን በሚመርጥበት) ሁለተኛ ሆኖ የመጣ፣ እንደሱ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ የተባለ፣ እንደሱ በእግሩ የሚሮጥ። ጉልበቱ እያመመው ሲያነክስ ሁላችንም እናየዋለን። እኔ ታክሲ ውስጥ በሬዲዮ ነበር የምሰማው። ከኋላ የጫንኩት ነጭ ሽማግሌ "አውጡት! ለእግዜር ብላችሁ አውጡት!" እያለ የፊቴን ወንበር ይደበድባል። አላወጡትም። አራተኛው ኳርተር ላይ ጉልበቱ እንደ ደረቅ እንጨት ታጠፈ። ሽማግሌው ዝም አለ። ሲወርድ ሂሳቡን ከፈለኝና በሩን እንኳን ሳይዘጋው ሄደ።

ከዚያስ? 2012 ላይ 10 አሸንፎ የነበረ ቡድን በ2013 3 ብቻ አሸነፈ። የመጨረሻዎቹን 8 ጨዋታዎች በተከታታይ ነው የተሸነፈው። አሰልጣኙ ሻናሃን ተባረረ። ግሪፈንም ከዚያ ወዲያ የድሮው ግሪፈን አልሆነም።

ዘንድሮስ ስንት ነበር በተከታታይ የተሸነፍነው? 8። ከቺካጎ እስከ ሚኒሶታ ቁጠሩት። ስለዚህ @ሂሳብ_ወዳዱ ዕድል ነው ያልከውን ሰማሁ፣ የተማርክ ልጅ ነህ። እኔ ግን ክርኑ ሲታጠፍ ያየሁት ጉልበቱን ነው። አንድ ቤት ሁለቴ በአንድ በር ሲዘረፍ ዕድል አይባልም።

ሂሳብ_ወዳዱ

ጋሼ፣ እጅ ሰጥቻለሁ። የ8ቱን መገጣጠም አላሰብኩትም ነበር። አንድ ልዩነት ግን ላንሳልዎት፦ ግሪፈን የተጎዳው በጉልበቱ ነው፣ የሚሮጥበት ነው። ዳንየልስ የተጎዳው በግራ ክርኑ ነው፣ የሚወረውረው በቀኙ ነው። ተስፋ የማደርገው እሷን ይዤ ነው።

ሚኒሶታ_በረዶ

እኔ የቫይኪንግስ ሰው ነኝ፣ ለመሳለቅ አልመጣሁም። ግን የኖቬምበር 2ን ብቻ ስታነሱ ዲሴምበር 7ን ረሳችሁት። እኛ ጋ መጥታችሁ 31 ለ0 የተሸነፋችሁበትን። 3 አሸንፎ 9 የተሸነፈ ቡድን፣ ገና ከክርን ጉዳት የተመለሰ ልጅ ምን ፍለጋ ነው ያሰለፈው? ኳሷን ተነጠቀ፣ ያንን ተከትሎ ሲገፉት በዚያው ክርኑ ላይ ወደቀ፣ ወጣ፣ በዚያው ሲዝኑን ዘጉለት። ከ17ቱ ጨዋታ 7 ብቻ ነው የተጫወተው። በዚያው ጨዋታ ዛክ ኧርትዝም ጉልበቱ ሄደ። እኔ ጠላት ሆኜ አዘንኩ።

ላንዶቨር_5

እሷን ሆን ብዬ ነው ያላነሳኋት። ያማል።

ድራፍት_ጠባቂ

ማንም ያልነካውን ልንካ። ዕድሜ።

ሲዝኑ ሲጀመር በሊጉ ውስጥ በዕድሜ ትልቁ ቡድን የኛ ነበር። ቦቢ ዋግነር 35። ኧርትዝ 34። ቮን ሚለር 36። እነዚህ ሰዎች በደህና ጊዜያቸው የነበሩበትን ደረጃ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሦስቱም የሱፐር ቦል ቀለበት አላቸው። ግን ፉትቦል የዓመት ቀለብ አይደለም፣ አምና የተከተተ ዘንድሮ አይበላም።

ቡድኑን የሚያዋቅረውን ሥራ አስኪያጅ አዳም ፒተርስን እወደዋለሁ። 2024 ላይ ከፍርስራሽ ነው ቡድን ያቆመው። ግን አንድ ዓመት ቀደመ። ላቲሞርን ለማምጣት የድራፍት ምርጫ ሰጠ፣ ለተንሰል ሰጠ፣ ለዲቦ ሳሙኤልም ሰጠ። ተንሰል ደህና ነው፣ አልከራከርም። ላቲሞር ግን የታለ? እነዚያ የሰጠናቸው ምርጫዎች ዛሬ የ22 ዓመት ልጆች ይሆኑልን ነበር። ዲፌንሱ (የመከላከሉ ክፍል) ሁለት ጊዜ 44 ሲገባበት ያየ ሰው (ዳላስና ዲትሮይት) እግሩ የከበደ ቡድን እንደነበር ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። የዘንድሮ ደስታችን ማን ነበር? ክሮስኪ ሜሪት። በሰባተኛው ዙር የተገኘ ልጅ ከ800 ያርድ በላይ ሮጠልን። ወጣትና ርካሽ፣ ያ ነው መንገዱ።

ሂሳብ_ወዳዱ

@ድራፍት_ጠባቂ ከሞላ ጎደል ልክ ነህ። ግን የተሰበሩት ሽማግሌዎቹ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ክርክርህ ሙሉ ይሆን ነበር። ዳንየልስ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ሚለር እንዲያውም በ36 ዓመቱ ኳርተርባክ ሲያሳድድ ነበር።

ድራፍት_ጠባቂ

ሚለር ሲያሳድድ የኋላ መስመራችን የት እንደነበር ጠይቅልኝ።

የእሁድ_ነጠላ

ስለ ማድሪዱ ጨዋታ ማንም ስላላወራ እኔ ልናዘዝ።

ኖቬምበር 16፣ እሁድ። ሊጉ ለመጀመሪያ ጊዜ ስፔን ሄዶ በርናባው ላይ ተጫወተ። በዋሽንግተን ሰዓት ጠዋት 9:30 ነው። ማለትም ቅዳሴ። ጨዋታውን ያወጣው ሰው ሐበሻ አይደለም።

ስልኬን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ጠንክሬ ቆምኩ። እውነቴን ነው፣ አልነካሁትም። ቅዳሴው ሲያልቅ አዳራሽ ወረድን፣ ዳቦና ሻይ ይዘን ተቀመጥን፣ ነጠላዬ ስር ከፈትኩት። 13 ለ13። የመጨረሻው ሰከንድ ነው፣ ማት ጌይ ከ56 ያርድ ሊመታ ነው። ሳተ። "እ!" ብዬ ጮህኩ፣ አጠገባችን ያሉት እትዬ በእጃቸው ያዙኝ፣ መንፈስ መስሏቸው ነው። እማዬ አየችኝና "ምንድነው እሱ?" አለች። "ጨዋታ ነው እማዬ፣ ማድሪድ።" "ሪያል ማድሪድ ነው?" ወንድሜ የሪያል ሰው ስለሆነ እሱን ታውቃለች። "አይ፣ የኛ ነው፣ የዋሽንግተን።" "የዋሽንግተን ከሆነ ስፔን ምን ያደርጋል?" ይሄን ሳስረዳ ተጨማሪው ሰዓት ተጀመረ፣ ማሪዮታ በመጀመሪያዋ ውርወራ ለማያሚ ሰጣት፣ ጨዋታው እዚያው አለቀ ማለት ነው፣ ጥቂት ቆይተው መትተው አገቡ። እማዬ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና "ዳቦሽን ብዪ" አለችኝ።

አዲስ_ገቢ

"መንፈስ መስሏቸው ነው" ላይ ሻዬን ተፋሁት።

ቡና_ቁርስ

ጌይ በዚያው ሳምንት ተሰናበተ። እትዬም ጸልየውበት ይሆናል።

ላንዶቨር_5

ኳስ ተቀባዩን ማክሎሪንንም አንርሳ። ከሲዝኑ በፊት ያለው የልምምድ ካምፕ ሁሉ በኮንትራት ጭቅጭቅ አለቀ። በኦገስት መጨረሻ 3 ዓመት በ96 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ይገባዋል፣ አምና 13 ታችዳውን ያመጣ ሰው ነው፣ በዚያ ሁሉ ክፉ ዘመን አፉን ዘግቶ የሠራ ሰው ነው። ግን ልምምድ ሳይሠራ ሲዝን ገባ፣ በሦስተኛው ጨዋታ የጭኑ ጡንቻ ያዘው፣ 7 ጨዋታ አለፈው። እሱና ዳንየልስ አንድ ላይ ሜዳ ላይ የቆሙባቸውን ጨዋታዎች ስቆጥር የአንድ እጄ ጣት ተረፈኝ። ገንዘቡን በጁን ቢሰጡትስ? ያው ገንዘብ አይደል?

ድራፍት_ጠባቂ

@ላንዶቨር_5 እዚህ ላይ አንድ ነን። መክፈልህ ካልቀረ ቶሎ ክፈል።

ሚኒሶታ_በረዶ

እና አሁን ኩዊን ይባረር ነው የምትሉት?

ላንዶቨር_5

አልልም። ተናድጃለሁ እንጂ አላበድኩም። ከቀድሞው ባለቤት ከስናይደር ዘመን የመጣን ሰዎች ነን። ከ1999 እስከ 2023 አሰልጣኝ እንደ ፍራሽ ሲገለባበጥ ነው የኖርነው። ሃሪስ በ6 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶት እፎይ ብለናል፣ ወደዚያ አልመለስም።

ግን ሁለቱ አስተባባሪዎች፣ የዲፌንሱ ጆ ዊትና የማጥቃቱ ኪንግስበሪ፣ መሄዳቸው ልክ ነው። ጆ ዊት የዲፌንሱን ጥሪ ገና በኖቬምበር ነው የተነጠቀው፣ ኩዊን ራሱ ያዘው። ከዚያ በኋላ ዲፌንሱ ትንሽ ትንፋሽ አገኘ፣ ማያሚና ዴንቨር ላይ አይታችሁታል። ኪንግስበሪ ላይ ሰው ይከፋፈላል።

ቡና_ቁርስ

ኪንግስበሪ በአምናው ዓመት ጎበዝ ነበር፣ ዘንድሮ ደግሞ ያው የአምናውን ገልብጦ አመጣ። ተጋጣሚ ክረምቱን ሙሉ ቪዲዮ ሲያይ ነው የሚከርመው። ለፈተና ያምናውን መልስ ይዞ የገባ ተማሪ ነው የሆነብኝ።

ሂሳብ_ወዳዱ

በሦስት ኳርተርባክ ነው ዓመቱን የጨረሰው እኮ። ዳንየልስ፣ ማሪዮታ፣ ከዚያ ጆሽ ጆንሰን፣ 39 ዓመቱ። በዚህ ላይ ምን ይጥራ?

ቡና_ቁርስ

ጆሽ ጆንሰን! የፈረንጅ ገና ዕለት ከዳላስ ጋር እሱ ነው የጀመረው። ቤት ሁላችንም ጾም ላይ ነን፣ ሽሮ ቀርቧል፣ ጎረቤት ካም ይጠብሳል፣ ሽታው በመስኮት ይገባል፣ ዳላስ 30 ለ23። ክሮስኪ ሜሪት ያቺን 72 ያርድ ሲሮጥ ብቻ ነው ጾሙ የተረሳኝ።

ዳላስ_ነኝ

እኛ ጋ ደግሞ ሽሮው ጣፈጠን።

ድራፍት_ጠባቂ

መጨረሻ ላይ ደግሞ ፊላደልፊያን 24 ለ17 አሸነፍን። በጆንሰን። እነሱ ዋና ዋናዎቹን አሳርፈው ነው፣ ቢሆንም በሜዳቸው ነው። ሰው ሁሉ ደስ አለው። እኔ ብቻ ሶፋዬ ላይ "ተሸነፉ፣ ተሸነፉ" እያልኩ ነበር። ያቺ ድል ድራፍቱ ላይ ወደ 7ኛ ጎተተችን።

ጋሽ_ታክሲ

ልጄ፣ ፊላደልፊያ እንዲያሸንፍ መመኘት በሕግ ባይከለከልም በኛ ዘንድ አይደረግም። ከሁለት ሳምንት በፊት 29 ለ18 ሲያሸንፉን፣ ያን ያህል እየመሩ ሳለ ለሁለት ነጥብ ሄደው እኮ ነው ጠብ የተነሳው። ሰባተኛም ይሁን አስራ ሰባተኛ፣ እኔ ያን ቀን እራቴን በደንብ በልቻለሁ።

ድራፍት_ጠባቂ

ጋሼ፣ ይቅርታ። ተመልሻለሁ።

ጋሽ_ታክሲ

ይቅር ብያለሁ። እኔ አሁን የምቆጥረው ወደ 2030 ነው። የድሮው ስታዲየማችን አርኤፍኬ የነበረበት ቦታ ላይ አዲሱን ስታዲየም ሊሠሩት ነው፣ የከተማው ምክር ቤት በሴፕቴምበር አጽድቆታል። እናንተ አርኤፍኬን አታውቁትም። ጃንዋሪ 1992 ዲትሮይትን 41 ለ10 ስናሸንፍ እኔ ውጭ መኪናዬን አቁሜ ተሳፋሪ እጠብቃለሁ፣ ሰዉ ሲዘል መቀመጫዎቹ ሲርገበገቡ ድምፁ እኔ ጋ ይደርሳል። ትኬት መግዣ አልነበረኝም። በ2030 ጉልበቴ ከፈቀደ ገብቼ አያለሁ፣ ካልፈቀደም ውጭ መቆሙን ለምጄዋለሁ።

እናት_ከአሌክሳንድሪያ

ሁሉንም ሳነብ አመሸሁ፣ ስለ ጨዋታው ብዙ አልገባኝም። የ9 ዓመት ልጅ አለኝ። የዚህ ዳንየልስ የምትሉት ልጅ ነገር ቤቴን በጥብጦታል። ክርኑ የተጎዳ ሰሞን ልጄ ሻርፔን ወስዶ ግራ እጁን አንገቱ ላይ አስሮ ትምህርት ቤት ሄደ። አስተማሪዋ ደውላ "እጁን ምን ሆነ?" አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስ?

አሁን ለፋሲካ 5 ቁጥር ማሊያ ካልገዛሽልኝ ይለኛል። ውድ ነው። ልጁ ከርሞም ይጫወታል ወይስ ይሸጡታል? ገንዘቤን ባክኜ እንዳልቀር ነው።

ላንዶቨር_5

እህቴ፣ አይሸጡትም። እሱን ከሸጡ እኔ ራሴ ስታዲየሙ በር ላይ ነው የምተኛው። ግዢለት።

ሂሳብ_ወዳዱ

ይግዙለት። ግን አሁን ሲዝኑ ስላለቀና ስላዘንን ዋጋው ሊወርድ ስለሚችል ትንሽ ጠብቀው ይዩት።

ጋሽ_ታክሲ

አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ይግዙ እመቤት። ልጅ ያድጋል፣ ማሊያው ደግሞ ለሁለት ሦስት ዓመት ይበቃል። ሻርፑንም ይደብቁበት።